ሮቦቱ የተወው ሥራ

ስለ ሮቦትና ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «የማንን ሥራ ይወስዳል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ጎደሎ ነው። ማሽን አንድን ሙያ ከነጓዙ ጠቅልሎ ሲወስድ እምብዛም አይታይም። የሚወስደው በአብዛኛው ተደጋጋሚውን፣ የሚለካውንና አመጣጡ አስቀድሞ የሚታወቀውን ክፍል ነው። የተረፈው ለሰው ይቀራል። ይህ ትራፊ በመጠን ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ክብደቱ ግን ያለው እሱ ላይ ነው። የተበላሸውን ማቃናት፣ ያልተጠበቀውን መፍታት፣ ጥፋት ሲደርስም ስሙ መጠራት ያለበት ሰው መሆን ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ትራፊ ነው።

የመጀመሪያው የፋብሪካ ሮቦት ዩኒሜት በ1961 (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ኒው ጀርዚ በጄነራል ሞተርስ ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ድርሻው ከቅርጽ ማውጫ የወጣን የጋለ ብረት ማንሳት ነበር። በ2023 በዓለም ፋብሪካዎች በሥራ ላይ የነበሩት ሮቦቶች ከ4 ሚሊዮን በልጠዋል። አሠራራቸው በመሠረቱ ብዙም አልተለወጠም። ክንዱ አብዛኛውን ጊዜ 6 መገጣጠሚያዎች አሉት። በእያንዳንዱ ላይ ሞተር፣ ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት የሚጨምር ማርሽ፣ እንዲሁም የዞረውን ማዕዘን የሚያነብ ኤንኮደር ይገኛል። ቀኑን ሙሉ ቢመላለስ ወደ ታዘዘበት ነጥብ የሚመለሰው ከ0.1 ሚሊ ሜትር ባነሰ መዛነፍ ነው። ነገር ግን ይህ ብቃት የሚጠቅመው የሚነሳው ዕቃ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ፣ በዚያው አቀማመጥ ሲጠብቀው ነው። ይህን ለማረጋገጥ ማሰሪያው፣ ተንቀሳቃሽ ቀበቶው፣ ሴንሰሩ፣ የደኅንነት አጥሩና ፕሮግራሙ በሰው ይዘጋጃል፤ የዚህ ሁሉ ወጪ ብዙ ጊዜ ከክንዱ ዋጋ ይበልጣል። «ሮቦት ገዛን» ብለው የሚኮሩ ድርጅቶች ከጥቂት ወራት በኋላ የሚደነግጡት በዚህ ነው።

ዕቃው በሥርዓት ተደርድሮ ካልመጣስ? በመጋዘን ውስጥ ዓይነታቸው የተደባለቁ ዕቃዎች ካሉበት ሳጥን አንድ በአንድ እያነሳ ለማሸጊያ የሚያቀብል ሮቦት አለ እንበል። ከበላዩ ያለው ካሜራ ርቀት ይለካል፣ ሶፍትዌሩ የሚያዝበትን ነጥብ ይመርጣል፣ በክንዱ ጫፍ ያለው የጎማ መምጠጫ በአየር ስበት ዕቃውን ያነሳል። ችግሩ የት እንደሚነሳ በዚህ መስክ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ብርሃን የሚያስተላልፍ ፕላስቲክና የሚያብረቀርቅ ብረት የካሜራውን የርቀት ልኬት ያሳስታሉ። የተጨማደደ ከረጢት በጎማው ዙሪያ አየር ስለሚያስገባ አይያዝም። ሁለት ስስ ፓኬቶች ተጣብቀው አብረው ይነሳሉ። ለስላሳ ነገር መሀሉ ተይዞ ጫፉ ይንጠለጠልና ከሳጥኑ ጠርዝ ጋር ይጋጫል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። ሮቦቱ በሰዓት 600 ጊዜ ቢያነሳና 99 በመቶ ቢሳካለት በሰዓት 6 ጊዜ ይቆማል። በየ10 ደቂቃው ማለት ነው። ሰው መጥቶ ለማስተካከል 2 ደቂቃ ከፈጀበት ከእያንዳንዱ ሰዓት 12 ደቂቃ ባከነ። አንድ ሠራተኛ ትንፋሽ ሳይወስድ እየሮጠ ሊያስተናግድ የሚችለው 5 ሮቦት ብቻ ነው። ስኬቱ ወደ 99.9 በመቶ ከፍ ሲል ግን መቆሙ በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አንዴ ይሆናል፤ ያው ሠራተኛ በተመሳሳይ ስሌት 50 ሮቦት ይይዛል። በማስታወቂያ ቪዲዮ ላይ ሁለቱ ሮቦቶች አይለዩም። ለሠራተኛው ግን ልዩነቱ ከ10 የሥራ ቦታ 9ኙን የሚያጠፋ ነው። ስለዚህ «ሮቦቱ ይህን መሥራት ይችላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይነግረንም፤ «ከስንት አንዴ ይሳሳታል? ሲሳሳትስ ለማቃናት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» ነው መባል ያለበት። የተረፈው ሰው የሥራ ጠባይም ይለወጣል፦ ፍጥነቱን የሚወስነው እሱ መሆኑ ቀርቶ የማሽኖቹ መቆም ይሆናል።

ሃንስ ሞራቬክ የተባለው የሮቦት ተመራማሪ በ1988 ያስተዋለው ነገር እስካሁን ይሠራል፦ ኮምፒውተርን እንደ አዋቂ ጨዋታ ማጫወት ቀላል ሲሆን፣ የአንድ ዓመት ሕፃን ያለውን የማየትና የመንቀሳቀስ ችሎታ መስጠት ግን እጅግ ይከብዳል። በ1997 ዲፕ ብሉ የቼዝ ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን አሸነፈ። ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም ዳርፓ ባዘጋጀው ውድድር ላይ የዓለም ምርጥ ሮቦቶች በር ሲከፍቱና ከመኪና ሲወርዱ ይወድቁ ነበር። የመኪና አምራቹ ቴስላም በ2018 ሞዴል 3 የተባለውን መኪና በብዛት ለማምረት ሲጣደፍ በባትሪው ላይ ለስላሳ የፋይበር ንጣፍ የሚያነጥፍ ሮቦት ተክሎ ነበር። ሮቦቱ ንጣፉን ማንሳት አቅቶት የምርት መስመሩን ያስቆመው ነበር፤ ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነና ተነሳ። የድርጅቱ ኃላፊ ኢሎን መስክም ከመጠን ያለፈው አውቶማቲክ አሠራር ስህተት እንደነበር፣ ስህተቱም የራሱ እንደሆነ በዚያው ዓመት አምኗል።

በቢሮ ሥራ ላይ ያለው ሁኔታ ሌላ ነው። ጽሑፍ አይከብድም፣ አይንሸራተትም፣ አይጨማደድም። ከኅዳር 2022 ወዲህ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ ከፋብሪካው ይልቅ ቢሮውን ቀድመው የነኩት በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን እዚህም ትራፊ አለ፣ ያውም የባሰ። ሮቦቱ ሲሳሳት ይቆማል፤ ዕቃው ይወድቃል፣ ቀይ መብራት ይበራል። ከቻትጂፒቲ ጀርባ ያለው የቋንቋ ሞዴል ሲሳሳት ግን አይቆምም። የሚሠራው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን የቃል ቁራጭ እየገመተ ስለሆነ እውነቱንም ሐሰቱንም በአንድ ዓይነት የተቃና አማርኛ፣ በአንድ ዓይነት እርግጠኝነት ይጽፋል። በ2023 በኒው ዮርክ ጠበቆች ፈጽሞ ያልነበሩ የፍርድ ውሳኔዎችን ጠቅሰው አቤቱታ አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ጥቅሶቹ የመጡት ከቻትጂፒቲ ነበር፤ የመዝገብ ቁጥር ሳይቀር ተሰጥቷቸው ስለነበር ለዓይን እንከን አልነበራቸውም። ከቢሮ ሥራ የሚተርፈው እንግዲህ ማጣራት ነው። አንድን አንቀጽ በደንብ ማጣራት ደግሞ ከመጻፍ የበለጠ ጊዜ የሚወስድበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በተለይ አጣሪው ጉዳዩን ራሱ ሠርቶት የማያውቅ ከሆነ።

ትንበያዎቹ ለምን እንደሚራራቁም ከዚህ ይገባናል። በ2013 ሁለት የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ካሉ ሥራዎች 47 በመቶው ለአውቶማቲክ አሠራር በእጅጉ የተጋለጡ ናቸው አሉ። ከ3 ዓመት በኋላ ለኦኢሲዲ (በአብዛኛው የበለጸጉ አገሮች የምጣኔ ሀብት ትብብር ድርጅት) የተሠራ ጥናት ቁጥሩን ወደ 9 በመቶ አወረደው። የመጀመሪያው ሙያን በጅምላ ሲመዝን ሁለተኛው በሙያው ውስጥ ያሉትን ተግባራት ለየብቻ ቆጠረ። ጄፍሪ ሂንተን በ2016 የራጅ ሐኪሞችን ማሠልጠን ከወዲሁ ይቁም ብሎ ነበር። ሂንተን በኋላ ኖቤል የተሸለመ፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት አባት የሚባል ሰው ነው፤ የራጅ ሐኪሞች ግን ዛሬም ይፈለጋሉ። ምስል ማንበብ ከሥራቸው አንዱ ክፍል እንጂ ሥራቸው ራሱ አልነበረም። ከሌሎች ሐኪሞች ጋር መምከር፣ የቀድሞ ምርመራን ማመሳከር፣ ታካሚው የትኛው ምርመራ እንደሚያሻው መወሰን፣ መርፌ መርቶ ናሙና ማውጣት ሁሉ አለ።

በአሜሪካ ባንኮች የኤቲኤም ታሪክም በዚህ ረገድ ዘወትር ይጠቀሳል። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ጄምስ ቤሰን እንዳሳየው በከተማ ባለ አንድ ቅርንጫፍ የሚያስፈልጉት ገንዘብ ከፋዮች ከ1988 እስከ 2004 ከ20 ወደ 13 ዝቅ አሉ። ቅርንጫፍ መክፈት ስለረከሰ ግን የቅርንጫፎቹ ብዛት በ43 በመቶ ጨመረ፤ የከፋዮቹም ቁጥር በጠቅላላው አልወደቀም። መጽናኛ ይመስላል። ታሪኩን እዚህ ላይ ማቆም ግን ማታለል ነው፤ ባንኩ ወደ ስልክ ሲገባ ቅርንጫፉ ራሱ መዘጋት ጀመረ፣ ከፋዮቹም ቀነሱ። የፋብሪካ ሮቦትን በተመለከተ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ዳሮን አሴሞግሉና ፓስካል ሬስትሬፖ በአሜሪካ ያገኙት ውጤት ደግሞ ለ1,000 ሠራተኞች አንድ ሮቦት ሲጨመር ሥራ ያለው ሕዝብ ድርሻ በ0.2 በመቶኛ ነጥብ፣ ደመወዝም በ0.42 በመቶ ይቀንሳል የሚል ነው። በአገር ደረጃ ትንሽ ይመስላል። ጉዳቱ ግን በአገሩ ሁሉ እኩል አይበተንም፤ ፋብሪካው ያለበት ከተማ ላይ ይከማቻል። ለከተማው ነዋሪ አማካይ ቁጥር አይበጀውም።

የበለጠ የሚያሳስበው ግን ገና ብዙ ያልተወራበት ነው፤ ሙያ ከየት ይገኛል? በአንድ የደንበኞች አገልግሎት ድርጅት ከ5,000 በላይ ሠራተኞች ላይ ተደርጎ በ2023 የወጣ ጥናት መልስ የሚጠቁም ረዳት ሶፍትዌር ምርታማነትን በአማካይ በ14 በመቶ እንዳሳደገ አሳይቷል። ጀማሪዎቹ 34 በመቶ ሲሻሻሉ፣ የበቁት ሠራተኞች ግን ያተረፉት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ሶፍትዌሩ የተማረው ቀድሞ ከተመዘገቡ ንግግሮች ነው፤ ለጀማሪዎቹ ያቀበላቸውም በአብዛኛው የነባሮቹን ስልት ነው። ነባሮቹ በዓመታት ያካበቱት ዘዴ ከእጃቸው ወጥቶ ለሁሉም ተዳረሰ፤ ለዚያ የተከፈላቸው ነገር የለም። ለዛሬ መልካም ነው። ከ10 ዓመት በኋላ ሶፍትዌሩ የሚማርባቸው ነባሮች እነማን ይሆናሉ?

ጀማሪ ሙያ የሚለምደው በቀላል ጉዳይ ነው። ተማሪ ሐኪም መቶ ጤናማ ሳንባ አይቶ ነው የታመመውን የሚለየው፤ ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ተራ ደረሰኝ ሲያመሳክር ከርሞ ነው የተጭበረበረው የሚሸተው። ማሽኑ ቀላሉን ሲወስድ ከባዱን ለመሥራት የሚያደርሰው መሰላል የታችኛው ርካቡ ይወጣል። ቀጣሪው ለጊዜው ያተርፋል፤ ኪሳራው የሚታየው ነባሮቹ ጡረታ ሲወጡ ነው።

የተካነውም ሰው ቢሆን ካልሠራው ይረሳዋል። በፖላንድ የአንጀት ምርመራ ማዕከላት ተካሂዶ በ2025 የታተመ ጥናት ሐኪሞች በሰው ሠራሽ አስተውሎት እየታገዙ መሥራት ከለመዱ በኋላ ያለ እርዳታው የሚያደርጉትን ምርመራ ለየብቻ ተመልክቷል። ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችለውን እባጭ ያገኙበት ምርመራ ድርሻ ከ28.4 ወደ 22.4 በመቶ ወርዶ ነበር። ጥናቱ የተደረገውን ተመልክቶ የመዘነ እንጂ ሙከራ ስላልሆነ ሌላ ምክንያት የለም አይባልም። አቅጣጫው ግን በአቪዬሽን ዘንድ ከታወቀ ቆይቷል። በ2009 የኤር ፍራንስ በረራ 447 የፍጥነት መለኪያ ቱቦዎቹ በበረዶ ሲደፈኑ አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበረው አውቶፓይለት መሪውን ለቀቀ። አውሮፕላኑ ራሱ ደህና ነበር። አብራሪዎቹ በከፍተኛ ከፍታ በእጅ ማብረር ያልለመዱ ስለነበሩ አፍንጫውን ወደ ላይ አቅንተው ያዙትና ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም አቆመ፤ ከ4 ደቂቃ ተኩል ባነሰ ጊዜ ውስጥ 228 ሰዎች ይዞ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ወደቀ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሊዛን ቤይንብሪጅ ይህን ከአደጋው 26 ዓመት በፊት፣ በ1983፣ ጽፋው ነበር፦ ማሽኑ ሥራውን ሲረከብ ሰውየው ልምምዱን ያጣል፤ የሚጠራው ግን ነገሩ ከማሽኑ አቅም በላይ ሲሆን ነው።

ተጠሪነቱም አብሮ ይቀራል። መጋቢት 2018 በአሪዞና ቴምፒ ከተማ ኡበር ሲሞክረው የነበረ ራሱን የሚነዳ መኪና ብስክሌቷን እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ምርመራ እንዳሳየው ሴንሰሮቹ ሴትዮዋን ከግጭቱ 5.6 ሰከንድ በፊት አይተዋታል። ነገር ግን ሶፍትዌሩ አንዴ መኪና፣ አንዴ ብስክሌት፣ አንዴ ያልታወቀ ነገር እያለ ስም ይቀያይር ነበር። ስሟን በቀየረ ቁጥር ያለፈ እንቅስቃሴዋን ስለሚጥለው ወዴት እንደምትሄድ መተንበይ አልቻለም። መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የድንገተኛ ፍሬን ደግሞ ከሙከራ ሥርዓቱ ጋር እንዳይጋጭ ተብሎ ጠፍቶ ነበር። ለቁጥጥር የተቀመጠችው ሾፌር ስልኳ ላይ ቪዲዮ ታይ ነበር። ጥፋት አለባት። ሆኖም በወንጀል የተከሰሰችው እሷ ብቻ ስትሆን፣ ድርጅቱ አልተከሰሰም፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ። ለሰዓታት ምንም ሳይሠራ የሚቀመጥ ሰው በሰከንዶች ውስጥ ነቅቶ ያድናል ብሎ የነደፈውን አካል ማን ይጠይቀው?

ይህ የሾፌር ጉዳይ ብቻ አይደለም። መሥሪያ ቤቶች የማመልከቻ አጭበርባሪን በአልጎሪዝም መለየት ሲጀምሩ «የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው ሰው ነው» ይላሉ። እስቲ ቁጥሩን እንየው። 10,000 ማመልከቻ ገባ፤ ከእነዚህ 100ዎቹ የተጭበረበሩ ናቸው። ሥርዓቱ ጥሩ ነው እንበል፦ ከአጭበርባሪዎቹ 95 በመቶውን ይይዛል፣ ከንጹሐኑ ላይ በስህተት ጣቱን የሚቀስረው በ5 በመቶው ላይ ብቻ ነው። ውጤቱ 95 አጭበርባሪና 495 ንጹሕ ሰው፣ በድምሩ 590 ተጠርጣሪ ነው። ከ6 ተጠርጣሪ 5ቱ ያህል ንጹሕ ሆኖ ሳለ ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው «95 በመቶ ትክክለኛ» ነው። 590ውን አንድ ሠራተኛ በ8 ሰዓት ይጨርስ ከተባለ ለአንድ ፋይል የሚደርሰው 49 ሰከንድ ብቻ ነው። በ49 ሰከንድ ፋይል አይመረመርም፤ ማኅተም ይመታል እንጂ። በኔዘርላንድስ የሕፃናት መዋያ ድጎማ ጉዳይ የግብር መሥሪያ ቤቱ ዜግነትን ሳይቀር እንደ ስጋት ምልክት የሚቆጥር ሥርዓት ተጠቅሞ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆች በማያውቁት ዕዳ ተዘፍቀዋል፤ መንግሥቱም ጥር 2021 ሥልጣን ለቋል። ያ ሁሉ ሲሆን በሰንሰለቱ ውስጥ ሰው አልጠፋም ነበር።

ነሐሴ 2024 የጸናው፣ ድንጋጌዎቹ ግን በየደረጃው ሥራ ላይ እንዲውሉ የተወሰነው የአውሮፓ ኅብረት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ ከፍተኛ ስጋት ያለባቸውን ሥርዓቶች ሰው እንዲቆጣጠራቸው ያዛል፤ ተቆጣጣሪው በማሽኑ ላይ ከልክ በላይ እንዳይተማመንም ያስጠነቅቃል። መንፈሱ ትክክል ነው። ነገር ግን ቁጥጥር በደቂቃ ካልተተመነ ወረቀት ላይ ይቀራል።

በተግባር ምን ይደረግ ለሚል የሚከተለው ይጠቅመዋል። ሥርዓቱ ከመጀመሩ በፊት ለጥቂት ወራት በጎን ይሂድ፤ ይገምታል፣ ግን አይወስንም። ግምቱና የሰው ውሳኔ ጎን ለጎን ተመዝግቦ ስህተቱ በጾታ፣ በዕድሜ፣ በቋንቋ እየተከፈለ ይታይ፤ በ2018 በፊት ገጽታ መለያ ሶፍትዌሮች ላይ የተደረገ ፍተሻ ጾታ በመለየት ረገድ ቆዳቸው ፈካ ባለ ወንዶች ላይ ቢበዛ 0.8 በመቶ የነበረ ስህተት ቆዳቸው ጠቆር ባለ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ መድረሱን ያሳየው እንዲህ ከፋፍሎ በማየቱ ነው፤ አማካዩ ይህን ደብቆት ይኖር ነበር። ሥርዓቱ ሥራ ሲጀምር ሠራተኛው የራሱን አስተያየት ሳያስመዘግብ የማሽኑ መልስ አይታየው። ቢያንስ ከ20 ጉዳይ አንዱ ያለ ማሽኑ እርዳታ ይሠራ፤ የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን በ2013 አየር መንገዶች አብራሪዎቻቸው በእጅ እንዲያበሩ እንዲያበረታቱ ያሳሰበው በዚሁ ምክንያት ነው። የአየር ማረፊያ ሻንጣ ፈታሾች ደግሞ ሌላ ዘዴ አላቸው፦ ሶፍትዌሩ በራጅ ምስሉ ላይ አልፎ አልፎ የሌለ ሽጉጥ ወይም ፈንጂ ይስላል፤ ፈታሹ ካላየው ወዲያው ይነገረዋል፣ ይመዘገባልም። የአጣሪ ሠራተኛ ንቃትም በዚሁ መንገድ ሊለካ ይችላል፤ ሆን ተብሎ የተበላሹ መልሶችን መሀል ላይ ጣል ማድረግና ስንቱን እንደያዘ መቁጠር ነው። ከ10 ስህተት 6ቱን የሚያሳልፍ አጣሪ ካለ ሰውየውን ከመቅጣት በፊት በቀን የሚደርሰውን ፋይል ብዛት መቀነስ ይቀድማል።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይበላል። ሻጩ በሚያቀርበው ሰነድ ላይ የሚታየው ማሽኑ የሚቆጥበው ሰዓት ነው፤ በጎን የሚሄድበት ወር፣ ያለ እርዳታ የሚሠራው ጉዳይ፣ የሚጣለው የሙከራ ስህተትና ለአንድ ፋይል የሚፈቀደው ደቂቃ አይታዩበትም። ውል ከመፈረሙ በፊት እነዚህን አራት ቁጥሮች ጠይቆ ከቁጠባው ላይ መቀነስ የገዢው ሥራ ነው። የተረፈው ቁጠባ አንዳንዴ ጥሩ ሆኖ ይገኛል፣ አንዳንዴም ምንም አይቀርም።